ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው መኪና

አርብ፣ ሐምሌ 7

ጠዋት ዘነበ፣ አባራ። ከምሳ በኋላ ያው ሙቀት። አንድ ትራክተር፣ ሁለት የውሃ ፓምፕ ሠራሁ። ፓምፖቹ የረባ ችግር አልነበረባቸውም፤ ካንዴላ ብቻ። ባለቤቶቹ ግን ከሞት እንዳስነሳሁላቸው ነው ያመሰገኑኝ።

ከዚያ የሱዳኑን ሰው መኪና አየኋት። አርብ አርብ አይልሃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። የሞተር ዘይት ልክ። የፍሬን ዘይት ልክ። የጎማ ንፋስ አልቀነሰም። ቺንጋው ላላ ብሎ ነበር፣ ወጠርሁት። ባትሪ ደህና። የጎማ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ሞከርኋቸው። አሥር ደቂቃ አስነስቼ አጠፋኋት። ድምጿ ደስ ይላል… ከትራክተር ጋር ለኖረ ጆሮ እንግዳ ነው።

ይህን ደብተር የጀመርሁት ለእሷ ነበር፣ መቼ ምን እንዳየሁ እንዳልረሳ። እጄ ግን ሌላ ሌላውንም መጻፍ ለመደ። ማን ያነበዋል? የሚያድረው መፍቻ ሳጥን ውስጥ ነው።

ባለቤቷ ሙሐመድጣሂር ይባላል። ካርቱም አስተማሪ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ በእሷ ድንበር ድረስ መጣ፣ ተሻገረ፣ እዚህ ኮኪት እኔ ጋራዥ አቆማት፣ እናቱን ሊያመጣ ደግሞ ወደ ገዳሪፍ ተመለሰ። ልጅነቱን መተማ ስላሳለፈ አማርኛው ከኔ አይተናነስም። ኡስታ ይለኛል፤ በእነሱ አፍ የሙያ ጌታ ማለት ነው። ሲሄድ፣ "ያ ኡስታ፣ እያት እንጅ አትንካት" አለኝ።

ስስ ነገር ናት። በር ሁለት፣ ወንበር ሁለት፣ ጣሪያዋ ሸራ። ከኋላ ሰው ቀርቶ ፍየል አይገባም። ለሩጫ የተሠራች ስለሆነች ነው አሉ እንዲህ የቀለለችው። በእኛ መንገድ የት ልትሮጥ?

አንድ ነገር ግን ነካሁ። ቴርሞስታቱን አወጣሁት። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋ ቁራጭ ነው፤ ለብርድ አገር የተሠራ። እዚህ ቆላ ውስጥ ምን ያደርጋል? ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በእጄ የገባ መኪና ሁሉ ያለ እሱ ነው የወጣው። ከኮኪት እስከ መተማ ያለው መካኒክ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ለሙሐመድጣሂርም ውለታ ዋልሁለት ማለት ነው… አስተማሪ ስለ ሞተር ምን ያውቃል?

አሰፋች ምሳ ይዛ መጣች። ኮፈኑን ስወለውል ቆማ አየችኝና "ጣውንቴን አጥበህ ጨረስህ?" አለች።

"ገና ጠጉሯን አላበጠርሁላት" አልኋት።

"ለኔ እንኳን በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላበጠርህ!" ሳቀች። እኔም።

አርብ፣ ሐምሌ 14

ዘይት ልክ። ውሃ ልክ። ጎማ ልክ። ባትሪ ልክ። ልክ ያልሆነው የኔ ወገብ ብቻ ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 23

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አሰፋች "አንድ ቀን እንኳ አታሳፍረኝም?" አለች። እውነት ለመናገር እኔም ሰበብ እየፈለግሁ ነበር። ዝም ብላ የምትቆም መኪና ትበላሻለች፤ አልፎ አልፎ ጎማዋ መሽከርከር አለበት። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

ልጃችን ስርጉት በሩ ላይ ቆማ "እኔስ?" አለች። ወንበር የለማ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ስታኮርፍ ግን የአምስት ዓመት ልጅ ናት። "ቆይ፣ እናትሽን መልሼ አንችን እወስድሻለሁ" አልኋት።

አስፋልቱን ይዘን እስከ ድልድዩ። ሸራውን አጠፍሁት። ነጠላዋ በንፋስ ተነስቶ ፊቷን ሸፈነው። "ቀስ! ቀስ በል አንተ ሰው!" ትላለች፣ ቀስ ስል ደግሞ ዝም ትላለች። በኋላ ገባኝ፤ ስፈጥን ደስ ብሏት ነው የምትጮኸው። የሰሊጡ ማሳ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው። ከተጋባን ወዲህ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ገበያ… የሆነ ቦታ ለመድረስ ነበር የምንሳፈረው። የትም ላንደርስ ስንሳፈር ዛሬ የመጀመሪያችን ነው።

ድልድዩ ላይ ቆመን ውሃውን አየን። "ለባለቤቷ እንዳትነግረው" አለች። "አንችም ለቄሱ እንዳትነግሪ" አልኋት።

የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሀል አላለፈም። አላልሁም?

አርብ፣ ነሐሴ 12

መንገድ ተዘግቷል። ስልክም አይሠራም። ዘይት ልክ፣ ውሃ ልክ። ሰውየው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ መኪናውን እጠብቃለሁ። ምን ላድርግ? ቃሌ ነው።

አርብ፣ መስከረም 18

ስልክ መጣ። ሙሐመድጣሂር ደወለ! ገዳሪፍ ነው። እናቱን አግኝቷታል፣ ግን እግሯ አብጦ መንቀሳቀስ አልቻለችም።

ስለ ራሱ ትንሽ ካወራ በኋላ መኪናዋን ጠየቀኝ። ስለ አንድ ልጅ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ዘይቷን ጠየቀ፣ ጎማዋን ጠየቀ፣ ሸራዋ በዝናቡ እንዳልሻገተ ጠየቀ።

"ያወጣኸው፣ የቀየርኸው ነገር የለም አይደል?"

"የለም" አልሁ።

ለምን የለም አልሁ? ቴርሞስታቱን ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መልሶ ሊያስተምረኝ ነው… ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁትን በስልክ ሊያስተምረኝ! ተውሁት። ትንሽ ነገር ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

አሰፋች አተኩሷታል። ወባ። በዚህ ወር ያልታመመ ማን አለ? የሰሊጥ አጫጆቹ እየተንቀጠቀጡ ነው የሚያጭዱት። ክኒን ጀምራለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

አልተሻላትም። ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። የበላችው አይረጋላትም። ማታ ስርጉትን በአያቷ ስም ጠራቻት፤ በሞተችው በራሷ እናት ስም። ስርጉት ደነገጠች፣ እኔም ደነገጥሁ፣ ግን ትኩሳቱ ነው አልኋት። ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

አሰፋች ትናንት ሞተች። ዛሬ ቀበርናት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሰልስቷ ዛሬ ነበር። ድንኳኑ ሞልቶ ዋለ።

የሰው ለቅሶ ላይ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ… እኔም ጠይቄያለሁ፤ "አሟሟቷ እንዴት ነበር?" ብዬ። ለሐዘንተኛ የሚቀልለው ይመስለኝ ነበር። አሁን የምጠየቀው እኔ ነኝ። የመጣ ሁሉ ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጠይቃል። እኔም እናገራለሁ።

ጤና ጣቢያው ደም ያስፈልጋታል፣ ዛሬውኑ ጎንደር ውሰዷት አለን። አምቡላንሱ ምጥ የያዛት ሴት ይዞ ሄዷል። አውቶቡስ አልፏል። የጭነት መኪናው ሁሉ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ነው። የሱዳኑን ሰው መኪና አስነሳሁ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሞቀ፣ ቆምን። ውሃዋን ጠጣች። ራሷን ደረቴ ላይ አደረገች። "ስርጉትን አደራ" አለች። እቅፌ ውስጥ እንዳለች ነፍሷ ወጣች።

ዛሬ ብቻ አሥራ አንድ ጊዜ ተናገርሁት። የአሰፋች ታላቅ እህት፣ እትየ አገኘሽ፣ ከሳንጃ መጥተዋል። ሰምተው ሲጨርሱ እንባቸውን ጠርገው "ታድላ! በሰው እቅፍ ነው የሞተች" አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስርጉት ጥግ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እቅፌ የሚለው ላይ ስደርስ ለቅሶዋ ጋብ ይላል። አሥራ አንዱንም ጊዜ አየኋት።

ሞተሩ ከቆመ በኋላ ያለው አንዱም እውነት አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

እዚህ ልጻፈው። ሌላ የት እጽፈዋለሁ?

አርብ ጠዋት ስንነሳ ስርጉት እሄዳለሁ አለች። "እግሯ ሥር እቀመጣለሁ፣ አልከብድም" አለች። "ክብደት ነው፤ ዳገት ላይ ሞተሩን ያደክማል፤ እናትሽን በጊዜ ላድርስበት" አልኋት። መካኒክ አይደለሁ? ሸክም ከስንት በላይ እንደሚጎዳ አውቃለሁ አይደል? ቀረች። ባለ ሁለት ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አመጣች፤ አፍልታ ያቀዘቀዘችው፣ ስኳርና ጨው ያደረገችበት። እናቷ ጭን ላይ አኖረችው። "እየጠጣሽ ሂጅ እማየ።"

ሸኽዲን አለፍን። ነጋዴ ባሕርን አለፍን። እስከዚያ ደህና ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ቀስቱ ተነሳ። ዝግ አልሁ፣ አልወረደም። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት። ቆምሁ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ጥላ እንኳ የለም። ከተነሳን ወዲህ አንድ መኪና አላለፈንም። ራዲያተሩ ያለውን ውሃ ሁሉ ተፍቶታል። እኔ፣ አርብ አርብ ውሃ ልክ፣ ዘይት ልክ እያልሁ የምጽፈው ሰውዬ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ አልያዝሁም። ባዶ ጀሪካን ግን ከወንበሩ ኋላ ነበረኝ።

ላስቲኩን አቅፋው ነበር። ከግማሽ በላይ አለው።

"ስጭኝ፣ ለሞተሩ ነው" አልኋት።

ዓይኗን ገለጠች። "ትንሽ ተውልኝ" አለች። አእምሮዋ አልሳተም ነበር። በደንብ ነው ያለችው።

"ጎንደር ትጠጫለሽ" አልኋት። ሁሉንም አፈሰስሁት። ልተውላት አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ራዲያተሩ አልሞላም። ሞተሩ ከተነሳ እሷን ያደርሳታል፣ ውሃው እሷ ሆድ ውስጥ ከገባ ግን የትም አያደርሰንም… እንዲህ ነው ያሰብሁት። እንደ መካኒክ።

ግማሽ ኪሎ ሜትር ሄደን እንደገና ቆመ።

ጀሪካኑን ይዤ ወደ ሸለቆው ወረድሁ። ታች ምንጭ አለ። "መጣሁ" አልኋት። እጇን አንቀሳቀሰች። ቁልቁለቱን ሮጥሁ፣ ዳገቱን ግን መሮጥ አቃተኝ፤ ጀሪካኑ ሞልቷል፣ ወገቤም ያው ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ስመጣ ራሷ በሩ ላይ ተደፍቷል። ነጠላዋ መሬት ወርዷል። አሰፉ አልሁ። አሰፉ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከጀሪካኑ በእፍኜ ቀድቼ አፏ ላይ አደረግሁ፤ በጎን ፈሰሰ።

ከዚያ የተረፈውን ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርሁ። ይዣት መመለስ ነበረብኝ። ቁልቁል ስንወርድ ሞተሩ አልሞቀም።

ግቢ ስገባ ስርጉት መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ውሃውን ጠጣችልኝ?" ነው። ጠጣች አልኋት። ከአፌ ወጣ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፤ እቅፌ፣ ደረቴ፣ አደራው። አንዱን ካልሁ በኋላ ሌላው ቀላል ሆነ።

አርብ፣ ጥቅምት 30

አርብ ነው። መኪናዋን አላየኋትም። ሸራ ጥዬባታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ሞተሩን ፈታሁት። የሰው ንብረት ነው፣ መሠራት አለበት። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ተጣሟል። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። ግን ለምን? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የውሃው ፓምፕ ደህና ነው። ራዲያተሩ አልተደፈነም። ቺንጋው ደህና ነው። ሁሉንም ሁለት ጊዜ አየሁ። ለምን ሞቀች?

ከሰዓት ሙሐመድጣሂር ደወለ። መኪናህ ሞቃ ቴስታታዋ ተጣመመ አልሁት። ቀስ ብሎ፣ "ቴርሞስታቷስ?" አለ።

"አውጥቸዋለሁ።"

"መቼ?"

"በሐምሌ።"

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ያ ኡስታ" አለ፣ "በሌላው መኪና ምንም አይል ይሆናል። በዚች ግን ቴርሞስታቷ ሲወጣ የውሃው አቋራጭ መንገድ ክፍት ይቀራል። ውሃው ወደ ራዲያተሩ ሳያልፍ ሞተሩ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ቆማ ስትነሳ አይታወቅም፣ ሜዳ ላይም አይታወቅም። ረጅም ዳገት ነው የሚያጋልጣት። ለዚህ ነው አትንካት ያልሁህ።"

ያኔ ስለ አሰፋች ነገርሁት። "ኢና ሊላሂ… ኡስታ፣ ለመኪናዋ አታስብ" አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። በእሱ መኪና ስለሆነ እሱም የበደለ መስሎት ይሆን? አይደለህም ልለው ፈለግሁ፣ መስመሩ ተቋረጠ።

እኔ ነኝ። ወባው ቢሆንም፣ መንገዱ ቢሆንም… ጎንደር ብትደርስ ትድን ነበር ወይ? አላውቅም። ማወቅ እንዳልችል ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ለነፍስ አባቴ ተናገርሁ። ሰሙኝ። ስጨርስ "ለእኔ የነገርኸኝን እግዚአብሔር ሰምቶታል። ልጅህ ግን አልሰማችም" አሉኝ።

ከአርባዋ በፊት እነግራታለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

አርባዋ ወጣ። አልነገርኋትም።

ትናንት ልነግራት ተነስቼ ነበር። ለተዝካሩ እህል ስታበጥር አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥሁ። "ምነው አባየ?" አለች። "ምንም፣ ደከመሽ ወይ ልልሽ ነው" አልሁ። ፈሪ ነኝ።

ዛሬ ደግሞ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ መጡ። ከሩቅ እሰማታለሁ። አሁን ራሷ ናት የምትናገረው። "የኔን ውሃ ጠጥታ፣ አባየ እቅፍ ውስጥ ናት ያረፈች። እንቅልፍ እንደወሰዳት ነው።" እኔ እንቅልፍ አላልሁም ነበር። እሷ ናት የጨመረችው። ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን አለ፣ ግን ደግሞ… ምን ልበለው? መደገፊያ ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። እንዴት አድርጌ ነው ይህን ከእጇ የምቀማት? ዝም ብልስ ምን ይጎዳል? ስትስቅ፣ ስታገባ፣ ልጆቿን ስታሳድግ ይህን እያለች ትኑር።

ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗን አላየሁም። አባየ ስትለኝ ሌላ ሰው የጠራች ይመስለኛል።

አርብ፣ ታኅሣሥ 12

ቴስታታው ጎንደር ተልጦ፣ ተስተካክሎ መጣ። ገጠምሁ። ቴርሞስታቱን መለስሁት። የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ አልጣልሁትም ነበር።

ከሰዓት አንድ ሾፌር የቆየ ፒካፕ አመጣ። "አያ ጀምበሩ፣ ትሞቃለች፤ ያችን ነገር አውጥተህ ጣልልኝ" አለ። መጀመሪያ ለምን እንደምትሞቅ ልፈልግ አልሁት። "ድሮ ሳትጠየቅ ነበር የምታወጣት፤ አረጀህ መሰል!" ብሎ ሳቀብኝ። ራዲያተሯ በዋልካ ጭቃ ተደፍኖ ነው፣ አጠብሁለት። ያወጣሁባቸው ሌሎቹስ ምን ያህል ይሆናሉ? አሁን የት የት ዳገት ላይ ናቸው?

እሑድ፣ ጥር 5

ተናገርሁ።

ትናንት የአሰፋች አጎት ከገለጉ መጡ። አባ ለይኩን። እሷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። መርዶው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በእህል መኪና ላይ ሆነው መጡ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። በሩ ላይ ቆመው "ልጄን! ልጄን!" ብለው አለቀሱ። እኛም አብረን። ከዚያ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"አሟሟቷ እንዴት ነበር?" አሉ።

አፌን ሳልከፍት ስርጉት ጀመረች። እኔን ልታሳርፈኝ ነው። "አባ፣ አልተሰቃየችም። እኔ ያፈላሁላትን ውሃ ጠጣች። ከዚያ አባየ አቀፋትና…"

"አይደለም" አልሁ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"አልጠጣችም። ውሃውን ተቀብያት ለሞተሩ አፈሰስሁት። ትንሽ ተውልኝ አለችኝ፣ አልተውሁላትም። እቅፌ ውስጥ አልሞተችም። ለሞተሩ ሌላ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመጣ ሞታለች። ብቻዋን ነው የሞተችው።" ከዚያ ቴርሞስታቱን ተናገርሁ። ክብደት ነው ብዬ ስርጉትን ማስቀረቴንም ተናገርሁ። ማቆም አልቻልሁም። አባ ለይኩን ቴርሞስታት ምን እንደሆነ አያውቁም፣ ግን እጄን ያዩ ነበር።

ውጭ የጎረቤት ዶሮ ይጮሃል። አባ ለይኩን ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። "እንግዲህ እኔ ዛሬ ነው የተረዳሁ" አሉ። አልረገሙኝም፣ አላጽናኑኝም።

ስርጉት አላለቀሰችም።

"ስንት ቆየህ?" አለች።

"ግማሽ ሰዓት ይሆናል።"

"ጠርታህ ይሆን?"

"አላውቅም። ሸለቆው ሩቅ ነው። አይሰማም።"

ብርጭቆውን ከአባ ለይኩን እጅ ተቀብላ ወጣች።

ሐሙስ፣ ጥር 9

አባ ለይኩን ተመለሱ። ሲሄዱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ።

ስርጉት አታናግረኝም። አላኮረፈችም፤ ማኩረፏን አውቀዋለሁ፣ ይህ ሌላ ነው። ምግብ ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች። "ምሳ ቀርቧል" ትላለች ወደ ግድግዳው። ስም አትጠራኝም። አንተ ትላለች፣ እሱንም ግድ ሲሆንባት።

እትየ አገኘሽ ሳንጃ ትምጣ ብለዋል። "አንች እንደወደድሽ" አልኋት። "አስብበታለሁ" አለች ወደ ግድግዳው።

ባልነግራት ይሻል ነበር? በቀን አሥር ጊዜ እጠይቀዋለሁ። ግን ትናንት ምሳ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። በጥላቻ ይሁን በሌላ አላውቅም። ዓይኔን ግን አላሸሸሁም።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ከጓደኞቿ ጋር ሄደች። እኔ ቤት ዋልሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ሙሐመድጣሂር መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። እናቱን ተሸክሞ ነው ያሻገራት ማለት ይቻላል፤ መተማ ዘመድ ቤት አሳርፏታል። እግሯ ብሶባታል፣ ጎንደር ሐኪም ያያት ዘንድ ነገ ይዟት ሊወጣ ነው። በዚችው መኪና። በዚያው ዳገት።

ሁለት ወንበር፤ እሱና እናቱ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ጀምሬ እስከ ስድስት ሰዓት ከመኪናዋ አልተለየሁም። ዘይት፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቺንጋ፣ ብሎን። ትናንት ከነጋዴ ባሕር በላይ ዳገቱን ወጥቼ ወርጃለሁ፣ ብቻዬን፤ ቀስቱ ከመሀል አልነቃነቀም። የቆምንበት ቦታ ስደርስ አልቆምሁም። ለሙሐመድጣሂር ግን ይህን ሁሉ አልነገርሁትም። "ያወጣሁትን መልሻለሁ፤ ቴስታታዋንም ዳስሳት፣ ሞተሯን ስማት፣ ካላመንኸኝ አትሂድ" አልሁት። እጁን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ሰማት። "አምኛለሁ ኡስታ" አለ።

ስርጉት ሻይ ይዛ ወጣች። ሙሐመድጣሂር ተነሳላት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና አንገቱን ደፋ። እንደ አገሩ ደንብ በዐረብኛ መረቀ፣ ከዚያ እንደ እኛ ደንብ ጠየቃት።

"እናትሽ… አሟሟቷ እንዴት ነበር?"

እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልሁ፣ ቀና ማለት አቃተኝ። ከስልኩ የሚያውቀው መንገድ ላይ መሞቷን ብቻ ነው። ምን እንደምትለው አላውቅም ነበር። የድሮውን ብትነግረው ልቃወማት አልችልም፤ አቅሜን ለአባ ለይኩን በተናገርሁ ቀን ጨርሸዋለሁ።

ስርጉት ሻዩን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠች።

"መንገድ ላይ ብቻዋን ናት የሞተች" አለችው። "አባየ ውሃ ሊቀዳላት ወርዶ ነበር።"

አባየ አለች። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለእንግዳ ሰው ነው፤ እኔን አላየችኝም። ሻዩን ሰጥታው ወደ ቤት ገባች። ለሞተሩ እንጅ ለእሷ አልነበረም የወረድሁት፤ ያንንም ነግሬያት ነበር፣ ታውቃለች። ጎንበስ እንዳልሁ ቆየሁ። ሙሐመድጣሂር ጨርቁን አንስቶ ሰጠኝ።